መጣሁ የሚባለው መንገድ

ጥቅምት 9

ይድረስ ለእትዬ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ገባ። አይ፣ ከሥራዬ አልተባረርኩም። ማን እንዳወራልሽም አውቃለሁ፤ አክስታችን ናት፣ ለወሬ ማን ብሏት። ክፍል ነው የቀየሩኝ። ከውሃ ቆጣሪ ንባብ አንስተው የመንገድ ስም ምዝገባ የሚባል አዲስ ክፍል ውስጥ ጣሉኝ። አንድ ጠረጴዛ፣ እግሩ በሽቦ የታሰረ ወንበርና እስከ መስኮቱ የተቆለለ ባዶ ቅጽ ሰጥተውኛል። ከተማው በየመንገዱ የብረት ሰሌዳ ሊተክል ነው። ከዚያ በፊት ግን ሕዝቡ መንገዱን ምን ብሎ እንደሚጠራው፣ ለምን እንደዚያ እንዳለው፣ ምስክር ተጠርቶ መመዝገብ አለበት። "የስሙ መነሻ" ለሚለው የተተወው ቦታ ሦስት መስመር ነው። አለቃዬ "ታሪኩ ከሦስት መስመር ካለፈ ቁጥር ስጠውና ተገላገል" ይለኛል።

እስካሁን ሃያ ስድስት መንገድ ሞልቻለሁ። "ጠማማው" የሚባለው መንገድ እንደ ክር የተወጠረ ነው፤ ጠማማው እዚያ ይኖር የነበረ ደላላ ኖሯል። "ሦስቱ እህትማማቾች" ላይ ሄጄ ስጠይቅ አራት ናቸው አሉኝ። አራተኛዋን ማንም አይወዳትም። እንዲህ እየሳቅኩ ስሞላ ሰነበትኩና ትናንት የእኛ መንገድ ወረቀት እጄ ላይ ወደቀ። መጣሁ።

ሰፈሩ ሲቀልድበት ታውቂያለሽ። የታክሲው ረዳት "መጣሁ ጋ ወራጅ አለ?" ሲል አንዱ ከኋላ "ኧረ ገና አልመጣሁም!" ይለዋል፤ በየቀኑ ይሳቅበታል፣ አይሰለቻቸውም። እኔ ግን ቅጹን በሳቅ ልሞላው አልቻልኩም። ከእማዬ አፍ የሰማሁት ይህን ብቻ ነው፦ አባዬ ሱቁ ውስጥ መስታወት ሲቆርጥ አርፍዶ ቀትር ላይ "መጣሁ" ብሎ ወጣ፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። መስታወት ያዘዘ ደንበኛ ሁሉ እየመጣ "የት ሄደ?" ሲላት "መጣሁ ብሎ ነው የወጣው" እያለች ስትመልስ፣ ቤታችን የመጣሁ ቤት፣ መንገዱም መጣሁ ሆኖ ቀረ።

እኔ ያን ቀን በእማዬ ጀርባ የታዘልኩ የዓመት ሕፃን ነኝ። ቃሉን ከአባዬ አፍ ሰምተሽ ለእማዬ ያደረስሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ አንደኛ ምስክር አንቺ ነሽ። ምን አለ? እንዴት አድርጎ አለው? ሁለት መስመር ጻፊልኝ፣ ሦስተኛዋን እኔ እሞላታለሁ።

እማዬ ደህና ናት። ዓይኗ ያው ነው፣ ብርሃንና ጥላ ብቻ ትለያለች። ደብዳቤሽን ሁለቴ አስነብባኛለች። ቢሮ ያሉት "ስልክ እያለ ደብዳቤ ምንድን ነው?" እያሉ ይስቁብኛል። እሷ "ስልክ ይዘጋል፣ ወረቀት አይዘጋም" ትላለች።

ወንድምሽ ስቱኮ


ጥቅምት 24

ለወንድሜ ለስቱኮ፣ አጠገቡ ሆና ለምትሰማው ለእማዬም፣

ሹመትህን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እግሩ የታሰረም ቢሆን ወንበር ወንበር ነው። ልጅ ሆነህ አንድ ነገር ከያዝክ እንደ መስታወት ማጣበቂያው ስቱኮ አትላቀቅም ነበርና ስሙን ያወጣሁልህ እኔ ነኝ፤ እንግዲህ የእኔን ስም አወጣጥም መዝግበው።

ስለ ጤናዬ አትስጉ፦ ሳሉ ለቆኛል። ክፍሌ አሁን ፀሐይ ይገባዋል። ሥራዬም ያው ነው፣ ፍርድ ቤት ተቀምጬ ሰው ያለውን እንዳለ መተየብ። ዳኛው "እንዳለ ጻፊ" ይላሉ፣ እኔም እንዳለ እጽፋለሁ። ምስክር ቢያስነጥሰው እንኳ ማስነጠሱን የምጽፍ ይመስለኛል። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ቃል አሳስተሻል ተብዬ አላውቅም። እማዬ፣ ጠብታውን ጠዋትና ማታ አድርጊው። አትሰስቺለት፣ ሌላ እልካለሁ።

ስለ መንገዱ የማውቀው እማዬ ከምትለው አይበልጥም። ልጅ ነበርኩ። እሷ እንደምትለው ጻፈው።

እህትህ

ይህችን ቁራጭ አታንብብላት። ስቱኮ፣ በሞቴ፣ ከዚህ ቅጽ ራቅ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ እሱ ይሙላው። ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።


ኅዳር 13

ለእትዬ፣

ራቅ ያልሽኝን ወረቀት ሳልርቅ ያዝኩት። ይቅር በይኝ። ሌላ ሰው ይሙላው እንዳልል ክፍሉ ውስጥ ያለነው እኔና አለቃዬ ነን፤ እሱ ደግሞ ብዕር የሚያነሳው ለፊርማ ብቻ ነው።

አሁን ነገሩ ከእጄ ወጥቷል። ባለፈው ሰኞ አክስታችን ከዘራዋን እያንኳኳች ቢሮ ድረስ መጣች። እንደ አክስት አይደለም የመጣችው፣ እንደ ባለጉዳይ ነው። ወረፋ ይዛ፣ ተራዋን ጠብቃ፣ "የእናቴን ልጅ ባስበላ ሰው ቃል መንገድ አይጠራም" የሚል ተቃውሞ በጽሑፍ አስገባች። ፊቴ ቆማ አነበበችው።

እትዬ፣ ለምንድን ነው ያልነገራችሁኝ? አጎታችን መምህሩ፣ የእማዬ ታናሽ፣ በሽታ ገደለው ብላችሁ ነው ያሳደጋችሁኝ። ለካ የመንግሥት ሰዎች ሲፈልጉት ከእኛ ጓሮ ክፍል አሥራ አንድ ቀን ተደብቆ ኖሯል። ለካ አባዬ "መጣሁ" ብሎ በወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰዎቹ ገብተው ወስደውታል። አክስታችን ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ ያለችኝን እንዳለ ልጻፍልሽ፣ አንቺ እንዳለ ትወጂ የለ፦ "አባትህ መጣሁ ብሎ ሄዶ ይዟቸው መጣ። ደጅ ላይ ሲያቅፋቸው ያየ ሰው አለ። ባታፍሩ ነው እንጂ እንኳን መንገድ ውሻም በሱ ቃል አይጠራ።"

ቢሮው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ወረቀት የሚፈልግ መሰለ። 

ሕጉ እንዲህ ነው። ተቃውሞ የቀረበበት ስም እስከ ጥር 3 በምስክር ካልጸና ይሰረዛል። መንገዳችን 114 ቁጥር ይሆናል። ይህን ለእማዬ ስነግራት ስለ አክስታችን ምንም አላለች። "ስሙን ካጠፋችሁት በምን ያገኘናል?" ብቻ አለችኝ። እሱ እኮ መንገዱ በዚህ ስም መጠራቱን አያውቅም፣ ከሄደ በኋላ ነው የወጣው ልላት አስቤ ተውኩት። የሱቁን በር ያው ቀንም ሆነ ሌት አትዘጋውም። መቀርቀሪያው ዝጎ ከቦታው አይነቃነቅም። ክረምት ነፋሱ እስከ መኝታዋ ይገባል፣ ቀን በጋቢና ተጠቅልላ ትቀመጣለች እንጂ አትዘጋውም።

ሽጦታል? አንድ ቃል መልሽልኝ።

ስቱኮ


ኅዳር 27

ስቱኮ፣

የምጽፍልህ ተናድጄ ስለሆነ ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ ያዝልኝ።

አባትህ ሰው አልሸጠም። ይህን ጻፍና ማኅተም ምታበት። አክስታችን የምትለውን እኔ ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ ስሰማው ነው ያደግኩት። ቤታችን በመጣች ቁጥር ትረግመው ነበር፤ እማዬ ሳህን ታጥባለች፣ እኔ እበላለሁ። አንተን ደብቀንህ ያደግከው ከዚህ ነበር፣ አሁን ራስህ ቆፍረህ አወጣኸው።

እንዴት አወቅሽ ብለህ አትጻፍልኝ። በአክስታችንም አትፍረድባት፣ ወንድሟ ነው። መንገድ በቁጥር ቢጠራ ማንም አይሞትም። በዚህ ከተማ እኔ የምኖረው በቁጥር መንገድ ነው፤ ደብዳቤህም ስቶኝ አያውቅም።

የእማዬን ጠብታ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ።


ታኅሣሥ 11

ለእትዬ፣

አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ። ከዚህ በፊት በፖስታ ካርድ የላክሁልሽን ይቅርታ ካላገኘሽው ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለ እማዬ በካርድ ለጠየቅሽኝ፦ አዎ፣ ወድቃለች፣ ደብቄሽ ነበር። አክስታችንም አልቻለችም እንዴ አፏን መያዝ! የሱቁ ደረጃ ላይ ነው። ከታክሲ የወረደ ሰው ድምፅ ሰምታ ብድግ ስትል ነው የወደቀችው። ዳሌዋ አልተሰበረም። ሐኪሙ ግን ልቧን ሲያዳምጥ ቆየ፤ ወጥቶም እኔን ለብቻ ጠራኝ። "ደክሟል" አለኝ። ምን እንስጣት ስለው "አታስጨንቋት" አለኝ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚሸጥበት ካገኘሽ ላኪልን።

"አባትህ ሰው አልሸጠም" ያልሽውን ለአለቃዬ አሳየሁት። "በምን ይታወቃል?" አለኝ። ሰውየው ክፉ አይደለም። 

 እትዬ፣ ከእናታችን ቤት እስክትወጪ አሥራ ሦስት ዓመት አብሬሽ ኖሬያለሁ፤ አንድም ቀን "መጣሁ" ስትዪ ሰምቼሽ አላውቅም። ሱቅ ስትላኪ "እመለሳለሁ" ነበር የምትዪው። ጎረቤት ስትሄጂ "አልቆይም"። እኛ ሰፈር ሕፃን አፉን የሚፈታበትን ቃል አንቺ ትሸሺዋለሽ። አውቶቡስ የተሳፈርሽ ለት እማዬ እጅሽን ይዛ "መጣሁ በይኝ፣ ልጄ" አለችሽ። ግንባሯን ሳምሻትና "ደህና ሁኚ" ብለሽ ወጣሽ። ልበ ድንጋይ ናት ብዬ አኮረፍኩሽ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አልተመለስሽም። መንገዱ የሁለት ቀን ነው፣ የባሕር ማዶ አይደለም።

ያ ቃል ምን አድርጎሻል? ምንም ቢሆን እኔ ወንድምሽ ነኝ።

ስቱኮ


ታኅሣሥ 22

ወንድሜ፣

ይህን ለእማዬ ታነብላት ወይም ትተወው እንደሆነ እኔ አልወስንም። ሐኪሙ ያለህን አስብና አንተው ወስን። እኔ ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም።

አባዬ የመስታወት ክፈፍ ሲመታ ትናንሽ ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ ነበር የሚሠራው። ያን ጊዜ ንግግሩን የምንረዳው እኔና እማዬ ብቻ ነበርን። በቀን አሥር ጊዜ "መጣሁ" ይል ነበር። ሚስማር ሊገዛ መጣሁ፣ መስኮት ሊለካ መጣሁ። እኔም እየሮጥኩ ለእማዬ አደርሳለሁ። ሥራዬ ነበር፣ እኮራበት ነበር።

ያን ቀን ቀትር ላይ የሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጬ የመስታወት ስብርባሪ በየመልኩ እደረድራለሁ። አባዬ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ አንድ ትልቅ መስታወት ፊት ለፊቱ አቁሞ ክፈፉን ይመታል። መዶሻው ቆመ። ቀና ብዬ አየሁት፤ አልዞረም፣ መስታወቱ ውስጥ መንገዱን ያያል። ሚስማሩን እንደነከሰ "ለእናትሽ መጡ በያት" አለኝ።

እኔ የሰማሁት "መጣሁ በያት" ነው።

ሮጥኩ። እማዬ አንተን አዝላ ጓሮ ልብስ ታጥባለች። "አባዬ መጣሁ ብሏል" አልኳት። "እሺ" አለች፣ ቀና እንኳ አላለችም። በመስኮቱ አጎቴን አየሁት፣ ጢሙን ይላጫል፣ ግማሽ ፊቱ አረፋ ነው። ጠቀሰኝ። የጓሮው በር ከቆመበት አራት እርምጃ ነበር።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። አባዬ መንገዱ መሃል ላይ ሦስት ሰዎች ፊት እጁን ዘርግቶ ቆሟል። "እናንተ ሰዎች፣ ምነው ጠፋችሁ!" እያለ ይስቃል። እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ሲያቅፋቸው ያየ ሰው አለ ያለችው አክስታችን እውነቷን ነው። አንዱን አቅፎት ነበር፤ ሰውየው ማለፍ እስኪያቅተው ጥብቅ አድርጎ። በትከሻው ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ። ሚስማሩ ከአፉ ወጥቷል። ድምፅ ሳያወጣ ቃሉን ደገመልኝ።

ስቱኮ፣ መስታወት ፊት ቆመህ ሞክረው። "መጣሁ" ስትል አፍህ መሃሉ ላይ ይከፈታል። "መጡ" ስትል ከንፈርህ ሞጥሙጦ ይቀራል። የአባዬ አፍ አልተከፈተም። አየሁት። እዚያው ገባኝ። ልጅ ነበርኩ አልገባኝም ብል ደስ ባለኝ፤ ገብቶኛል። ዞሬ ብሮጥ፣ "መጡ" ብዬ አንዴ ብጮህ ይበቃ ነበር። እግሬ እምቢ አለኝ። እስከ ሃያ ብትቆጥር ነው የቆምኩት፣ ከዚያ በላይ አይሆንም። ከዚያ በአጠገቤ አልፈው ገቡ። አንዱ ሲያልፍ ራሴን ዳበስ አደረገኝ።

ሁለቱንም ወሰዷቸው። እማዬ ጓሮ ነበረች፤ ከመንገድ ያየ ሰውም አባዬ በፈቃዱ አብሯቸው የሄደ መሰለው። የቀረውን ታውቃለህ።

በመጀመሪያው ቀን ያልተናገርኩት እንዳልገረፍ ፈርቼ ነው። በሁለተኛው ቀን ግን እማዬ ለደንበኛ "መጣሁ ብሎ ነው የወጣው" ስትል ሰማኋት፤ በዚያች ቃል ተደግፋ ነበር የቆመችው፣ እንዴት ብዬ ልንጠቃት? ዓመት ሳይሞላ መንገዱ በስሙ ተጠራ። አንድ ልጅ መንገድ ሙሉ ሰው የሚለውን "ተሳስታችኋል" ብላ ማን ይሰማታል? አባዬ ሲረገም ዝም አልኩ። እማዬ በር ከፍታ ስትጠብቅ ዝም አልኩ። ዝምታው ሲከብደኝ ሸሸሁ።

ቅጽህ ሦስት መስመር ይላል አላልክም? ይኸው፦

አባቴ "መጡ" አለ።
እኔ "መጣሁ" ብዬ አደረስኩ።
መንገዱ የተጠራው በእኔ ስህተት ነው።

እህትህ


ጥር 5

ለእትዬ፣

አነበብኩላት።

ደብዳቤሽ ሰኞ ደረሰ። ኪሴ ውስጥ ይዤው ስዞር ዋልኩ። ሐኪሙ አታስጨንቋት ብሏል፤ ጥር 3 ደግሞ አርብ ነው። ቤት ስገባ "ወረቀት ይሸተኛል" አለችኝ። ዓይኗ ሲደክም አፍንጫዋ ተሳለ መሰለኝ። "የልጄ ነው?" አዎ አልኳት። "ጮክ ብለህ አንብብ።" አነበብኩት። የአጎታችን አረፋ ላይ ስደርስ ወረቀቱን ዝቅ አደረግኩት፤ "ቀጥል" አለችኝ። ሃያ ድረስ የቆምሽውንም አነበብኩት። አንድም ቃል አልዘለልኩም።

እንዳላሳዝንሽ ብዬ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ያለችው "አራት እርምጃ" ነው። "የጓሮው በር ክፍት ነበር። አራት እርምጃ!" እያለች ስለ ወንድሟ አለቀሰች። ከዚያ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን፣ "ለካ ባሌ ሞቷል" አለችው። ማክሰኞና ረቡዕ አልተናገረችም፣ ምግብም በግድ ነው። ገደልኳት ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

ሐሙስ ጠዋት ጠራችኝ። "ዘይት አምጣና ያንን መቀርቀሪያ አላቀው" አለችኝ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ሲላቀቅ ራሷ እየዳበሰች መጥታ የሱቁን በር በእጇ ዘጋችው። በሠላሳ አንድ ዓመት የመጀመሪያዋ ነው። ከዚያ ጥቁር ልብሷን ከሣጥን አስወጣችኝ። አርብ ጠዋት ለብሳ፣ በእኔ ትከሻ ተደግፋ፣ ቢሮ ሄደች።

አክስታችን ቀድማ ተቀምጣለች። አለቃዬ ለእማዬ ወንበር አመጣላት፤ ያንን በሽቦ የታሰረውን፣ ሌላ የለንም። ብዕር አንስቶ ራሱ ሊጽፍ ተቀመጠ። እማዬ የተናገረችውን እንዳለ ይኸው፦

"ባሌ መጡ ነው ያለው። ልጄ በትክክል አድርሳኛለች። መጡ ብላኛለች። እኔ ባልዲ እያንኳኳሁ፣ ልጅ ጀርባዬ ላይ እያለቀሰ፣ መጣሁ መሰለኝ። ጥፋቱ የእኔ ጆሮ ነው። ባሌ የወጣው ሊያስቆማቸው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በተሳሳተ ቃል የጠራችሁት በእኔ ነው። ጻፈው።"

አለቃዬ ጻፈው። ሦስት መስመር ሞላ፣ አላለፈም፦ "መስታወት ቆራጩ 'መጡ' አለ። ሚስቱ 'መጣሁ' ብላ ሰማች። መንገዱ የተጠራው በእሷ ጆሮ ነው።" እማዬ በጣቷ ፈረመች።

አክስታችን ተነስታ ተቃውሞዋን ከፋይሉ አወጣች። አራት ጊዜ አጥፋ ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። "ሠላሳ አንድ ዓመት የረገምኩትን ሰው አሁን የት ሄጄ ይቅር በለኝ ልበለው?" አለች።  እማዬ እጇን ዘረጋችላት፣ ተያይዘው ወጡ።

ስሙ ባለበት ይጽና ተብሏል። ሕዝብ ያወቀው ስም አይነካም አለ አለቃዬ፤ መዝገቡ እውነቱን ከያዘ ይበቃል ብሎ። እውነቱን!

ቤት ስንደርስ ጠየቅኋት። "እማዬ፣ እውነት በጆሮሽ ነው የተሳሳትሽው?"

"ሰውየው ምን ጻፈ?" አለችኝ።

"ያልሽውን።"

"ማኅተም መታበት?"

"መታበት።"

"በቃ፣ እውነት ነው።" ቀጥላም፦ "ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዘጠኝ ዓመት እግር አይታዘዝም። ይህንንም ጻፍላት።"

ይኸው ጽፌልሻለሁ። እትዬ፣ ከአልጋ አልተነሳችም ከአርብ ወዲህ። ድካሙ ጸንቶባታል። ትመጫለሽ ወይ ብላ አልጠየቀችኝም፤ የምጠይቅሽ እኔ ነኝ።

ስቱኮ


ጥር 12

ስቱኮዬ፣

አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ራሱን ለማዳን ሲዋሽ ጽፌያለሁ። ሌላውን ለማዳን እንዲህ ሲዋሽ አልጻፍኩም። ደግሞ ዋሽታ እንደሆነም አላውቅም፤ እንዳላውቅ አድርጋ ነው ያለችው። ባልዲው ይንኳኳ ነበር። አንተም ታለቅስ ነበር፣ ትዝ ይለኛል። ሦስት ቀን የባልዲውን ኳኳታ ብቻ እየሰማሁ ሰነበትኩ።

ፈቃድ ወስጃለሁ። ሰኞ ጥር 20 እሳፈራለሁ፣ ረቡዕ ከሰዓት እደርሳለሁ።

አንድ መልእክት አድርስልኝ። አጠገቧ ተቀመጥ፣ ሬዲዮውን ዝጋ፣ አፍህ ውስጥ ምንም አይኑር። ልጅሽ "መጣሁ" ብላለች በላት። እንዳለ አድርሰው፣ አደራ፣ አንድ ፊደል እንዳታጎድል።

እህትህ


ጥር 22፣ ረቡዕ፣ በሱቁ በር ላይ የተለጠፈ

እትዬ፣

መናኸሪያ ልቀበልሽ ወጥቻለሁ። ከተላለፍን ይህን ታነቢያለሽ።

ደብዳቤሽ አርብ ገብቷል። እንዳልሽው አደረግኩ። ሬዲዮውን ዘጋሁ፣ ጠጋ ብዬ እንዳለ ነገርኳት። "ማን ነው ያለው?" አለችኝ። "ልጅሽ" አልኳት። "በራሷ አፍ?" አለችኝ። "በራሷ እጅ" አልኳት። ትንሽ ሳቀች። "እሷ ካለች ትመጣለች። እንግዲያው በሩን ክፈቱት" አለች። ከፈትኩት። አልጋዋን ወደ ሱቁ አውጡልኝ አለች፣ አወጣንላት። ቅዳሜን እዚያ ሆና ታክሲ በቆመ ቁጥር ጆሮዋን ስታቆም ዋለች። እሑድንም እስከ ቀትር።

ስልክ ሦስት ጊዜ አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አውቶቡስ ላይ ለብቻሽ እንድትሰሚው አልፈለግኩም። በር ላይ በወረቀት ማርዳትም ወግ አይደለምና አልጽፈውም። ደጁ ላይ ብዙ ወንበር ታያለሽ። ገብቶሻል።

አክስታችን ውስጥ ናት። አልጋው የነበረበት ቦታ ላይ ተቀምጣለች፣ ሂጂና እቀፊያት። ሰሌዳውን ትናንት ተክለውታል፣ ማዕዘኑ ላይ ነው፣ ሳታዪው አትቀሪም።

ቁልፍ አትፈልጊ። በሩን አልዘጋነውም። ግቢ።

መጣሁ።

ስቱኮ